በዓባይ ዳር ጂኦግራፊ ለምታስተምር ልጄ

ልጄ፣ ቡሬ ተመድበህ ጂኦግራፊ ልታስተምር መሆንህን ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። ትጉህ እንደሆንክ አውቃለሁ፤ ችኩል እንደሆንክም አውቃለሁ። ባምናው ዕቅድ ላይ ቀን ለውጦ ማቅረብ፣ ካርታን ከልብ ሳያዩ ሰሌዳ ላይ መሞነጫጨር፣ ምሳሌ ሁሉ ከመጽሐፍ እንዲመጣ መጠበቅ፣ እነዚህ ሁሉ የትጉህም ሰው ድክመቶች ናቸው። የምትሄድበት አገር ግን ለዚህ አይመችም። ምዕራብ ጎጃም የወሰን አገር ነው። በደቡብ ዓባይ አለ፤ ከዓባይ ማዶ ኦሮሚያና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ናቸው፤ በምዕራብ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በምሥራቅ ምሥራቅ ጎጃም ይዋሰኑታል። እዚህ የሚያድግ ልጅ ወሰን ምን እንደሆነ ከመምህሩ ካልተማረ ከመንገድ ይማረዋል፤ የመንገድ ትምህርት ደግሞ አጭርና መራራ ነው። ስለዚህ የምነግርህን አንድ በአንድ ያዝ።

1. መመዘኛውን ከመማሪያ መጽሐፉ ለይተህ አንብብ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ የመጽሐፍ ሽፋን ተለዋውጧል፤ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ገብቷል። ዝቅተኛው የመማር ብቃት የሚለው ሰነድ ግን ሁልጊዜ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ ተማሪው እንዲለይ፣ እንዲያነጻጽር፣ ምክንያቱን እንዲያስረዳ። የመጽሐፉን ምሳሌ በቃሉ እንዲወጣ አይጠይቅም። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1994 ለትምህርት ቤቶቻቸው 18 የጂኦግራፊ መመዘኛዎች አውጥተው በስድስት ክፍል አደራጅተዋቸዋል። አደረጃጀቱ ከካርታና ከአቀማመጥ ይነሣል፤ በሥፍራዎች፣ በተፈጥሮ፣ በሰው አኗኗር፣ በሰውና በአካባቢው ግንኙነት በኩል ያልፍና ዕውቀቱን ሥራ ላይ ማዋል ላይ ይደርሳል። የትም ይውጣ የት፣ መመዘኛ መንደርህን አያውቃትም። መንደሯን የሚያስገባው መምህሩ ነው። ብዙ መምህር መጽሐፉን ጨርሶ መመዘኛውን ሳይነካ ዓመቱ ሲያልቅበት አይቻለሁ።

2. ከትምህርት ቤትህ ግቢ ጀምር። ኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ መሆኗን ተማሪ ሁሉ ይወጣዋል። የራሱን ትምህርት ቤት ስትጠይቀው ግን ዝም ይላል። ቡሬ በ10 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ሰሜን፣ በ37 ዲግሪ ከ4 ደቂቃ ምሥራቅ ገደማ ናት። ፍኖተ ሰላም በዚያው ኬክሮስ ላይ ሆና 12 ደቂቃ ያህል ወደ ምሥራቅ ትገባለች። አንድ ሜትር ዱላ ግቢው ውስጥ ትከልና በእኩለ ቀን ጥላውን አስለካ። ታኅሣሥ 12 ገደማ ጥላው 68 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሚያዝያ 10 ገደማ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣና ጥላው ይጠፋል። ሰኔ 14 ላይ ደመናው ከፈቀደ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ሰዓቱንም አስጠብቅ፤ የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ስለሆነ፣ በሚያዝያ አጋማሽ ቡሬ ላይ እኩለ ቀን የሚሆነው 6:30 ካለፈ በኋላ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ኬክሮስን አይረሳም።

3. ስኬሉን ሳትናገር ካርታ አትስቀል። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የአገር ካርታ ዓባይ ቀጭን ሰማያዊ ክር ነው፤ ልጁም በአንድ ዝላይ የሚሻገረው ይመስለዋል። የቀድሞው ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያወጣውን ባለ 1፡50,000 ካርታ ፈልግ። በእሱ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው፤ በሁለት ኮንቱር መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ 20 ሜትር ነው። ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የነቀምቱ መንገድ ዓባይን የሚሻገረው ከ1,000 ሜትር ባነሰ ከፍታ ላይ ነው። እንግዲህ ተማሪዎችህ ከከተማቸው እስከ ወንዙ ከ50 በላይ መስመር ይቆጥራሉ ማለት ነው። ይቁጠሩ፤ አትቁጠርላቸው። ማዶው ለዓይን ቅርብ፣ ለእግር ሩቅ የሆነበትን ምክንያት የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው። በቆላው አገር ሳስተምር፣ ከመጽሐፉ ይልቅ እነዚያ የተጨናነቁ መስመሮች ስለ ሸለቆው ብዙ ሲያስተምሩ አይቻለሁ።

4. ወንዝን ግድግዳ አድርገህ አታስተምር። ወንዝ በአስተዳደር ካርታ ላይ መለያ ይሆናል፤ በተፈጥሮው ግን ሰብሳቢ ነው። ሰከላ ላይ የሚዘንበውን ዝናብ አስብ። በሰሜኑ ተዳፋት የወረደው በግልገል ዓባይ ጣና ይገባል፤ ከጣና ወጥቶ በጢስ ዓባይ ይወድቅና ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ይመጣል። በደቡቡ ተዳፋት የወረደው በእነ ብርና በእነ ፈታም ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ሁለቱም ያው ዓባይ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ከማዶ ከወለጋ በኩል የሚመጣውም እዚያው ይቀላቀላቸዋል። ዓባይ ከምንጩ ከግሽ ዓባይ 2,700 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ጉባ ላይ እስከ ሕዳሴ ግድብ ድረስ ይወርዳል፤ የግድቡ ሐይቅ ሲሞላ 640 ሜትር ላይ ይቆማል። የአሜሪካንና የሜክሲኮን ወሰን ወንዝ ሪዮ ግራንዴንም ጥቀስላቸው። በለስላሳ አፈር ላይ ስለሚሄድ አልጋውን ቀይሮ ሁለቱን አገሮች ለረጅም ዘመን አጨቃጭቋል፤ የቻሚዛል ክርክር በስምምነት የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። የእኛ ዓባይ ግን ድንጋይ ፈልፍሎ ጥልቅ ገደል ውስጥ ስለገባ በቀላሉ ቦታ አይለቅም። ለምን እንደሚለያዩ ይመልሱ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ ስለ ዓባይ ማወቅ እንዳይጠማው ማድረግ ያንተ ፋንታ ነው።

5. ከወሰን በፊት ከፍታን አስተምር። እኛ አገር ሰው የሚያርሰው፣ የሚለብሰውና የሚታመመው በአብዛኛው በከፍታው ልክ ነው። ከ1,500 ሜትር በታች ቆላ፣ ከዚያ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ ከዚያ በላይ ደጋ እያልን እንከፍላለን። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ቡሬ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ዓባይ ዳር ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ሰከላና ደጋ ዳሞት ገብስና ድንች ነው፤ ጃቢ ጠህናንና ቡሬ ዙሪያ በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ ነው፤ ወደ ወምበርማ ቆላ ስትወርድ ማሽላውና ወባው አብረው ይቀበሉሃል። አሁን ተማሪህን ጠይቀው፦ የወምበርማ ቆላ ገበሬ አኗኗሩ የሚቀርበው ለሰከላው ደገኛ ነው ወይስ ከዓባይ ማዶ ላለው የአሙሩ ቆለኛ? መልሱን አንተ አትስጠው። የሚዘሩትን፣ የሚዘሩበትን ወር፣ የሚያስቸግራቸውን በሽታ ጎን ለጎን ይጻፉና ራሳቸው ይድረሱበት።

6. መስመሮቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርብ። ከዚህ ምክር ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ። ደብተር የሚሸፈንበትን ነጭ ላስቲክ ቁረጥና ለየቡድኑ አድል። አንዱ ቡድን የክልልና የወረዳ ወሰን ይሳል። ሌላው የ1,500 እና የ2,300 ሜትር መስመርን፣ ሦስተኛው ወንዞችንና የውሃ መለያ ሸንተረሩን፣ አራተኛው ሰዎች በየትኛው ቀን ወደ የትኛው ገበያ እንደሚወጡ፣ አምስተኛው አማርኛ፣ አዊኛና ኦሮምኛ የሚነገርባቸውን ቦታዎች ይሳል። ከዚያ ላስቲኮቹን ደራርበህ መስኮት ላይ ለጥፋቸው። መስመሮቹ በአብዛኛው አንዱ በሌላው ላይ አይገጥሙም። የአስተዳደሩ ወሰን ዓባይ ላይ ነው፤ የቆላው ወሰን ከዓባይ ወዲህም ወዲያም ነው፤ የገበያው ሰው ሁለቱንም እየጣሰ ይሄዳል፤ ቋንቋው ደግሞ እርስ በርሱ ይገባባል። መመዘኛው አካባቢ የሚለው ሰዎች ለአንድ ጉዳይ ብለው የሚከልሉትን ቦታ ነው፤ ጉዳዩ ሲለወጥ ክልሉም ይለወጣል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ፣ አንድ መስመር አሥምሮ ከዚህ ወዲህ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለውን ሰው በቀላሉ አያምነውም።

7. ዓመት የሌለው ካርታ አትቀበል። ወሰን በሰው እጅ የተሠራ ነገር ነው፤ ሰው ደግሞ ያፈርሰዋል፣ ይቀይረዋል። በጠቅላይ ግዛቱ ዘመን ጎጃም መተከልንና አገው ምድርን ይዞ አንድ ነበር። ፍኖተ ሰላም ያን ጊዜ የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከ1983 በኋላ ክልል መጣ፤ መተከል ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ገባ፤ አዊ በአማራ ክልል ውስጥ የብሔረሰብ አስተዳደር ሆነ። ዛሬ ሰሜን ጎጃም የሚባለው ዞንም ቀድሞ የምዕራብ ጎጃም አካል ነበር። በ1987 ሕገ መንግሥት የተዘረዘሩት ክልሎች ዘጠኝ ነበሩ፤ ዛሬ 12 ናቸው። እንግዲህ የትምህርት ቤቱ አሮጌ ካርታ ተሳስቷል ብለህ እንዳትቀደው፤ ዘመኑን ነው የሚናገረው። ጥጉ ላይ የወጣበትን ዓመት ጻፍ፤ ከአዲሱ ጎን ስቀለውና ምን ተለወጠ፣ ምን ጸና ብለህ ጠይቅ። ተራራውና ወንዙ ባሉበት አሉ፤ የተለወጠው ሰው የቀባው ቀለም ነው።

8. የሰውን መምጣትና መሄድ ከነምክንያቱ አስተምር። እንቅስቃሴ የጂኦግራፊ ዋና ምሰሶ ነው፤ በእናንተ አገር ደግሞ ሞልቷል። ዳሞት በመካከለኛው ዘመን ከዓባይ በስተ ደቡብ የነበረ መንግሥት ነው፤ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ሕዝቡ ወደ ሰሜን ሲሻገር ስሙን ይዞ ተሻገረ። ሜጫ ከወንዙ በስተ ደቡብ የኦሮሞ ነገድ ነው፤ በስተ ሰሜንም መራዊ ዙሪያ የወረዳ ስም ሆኖ ይገኛል። በቅርብ ዘመን ደግሞ የ1977ቱ ድርቅ ብዙ የወሎ ሰው በሠፈራ ወደ ወለጋና ወደ መተከል ፓዌ አውርዷል። አገው፣ ሽናሻ፣ ጉሙዝ፣ አማራ፣ ኦሮሞ በዚህ ምድር ላይ በየተራ ወጥተዋል፣ ወርደዋል፣ ተጋብተዋል። ስታስተምር ሦስት ጥያቄ አይቅርብህ፦ ከየት፣ ወዴት፣ ምን ገፍቶ ወይስ ምን ስቦ? ቀድሞ መጪ ማነው የሚለውን ጥያቄ ግን ለክፍል አታቅርብ። የመሬት ክርክር እንጂ ትምህርት አይወጣውም።

9. የተፈናቀለን ልጅ ማስተማሪያ አታድርገው። ክፍልህ ውስጥ ከወለጋ ወይም ከመተከል ቤቱን ጥሎ የመጣ ተማሪ አይጠፋም። የአያቱ ቋንቋ ኦሮምኛ የሆነ፣ እናቱ አዊኛ የምትናገር፣ ዘመዱ ዛሬም ማዶ ያለም አይጠፋም። ስለ ስደት ስታስተምር ዓይንህ ወደ እነሱ እንዳይሄድ ጠብቅ፤ ተነሥና ንገረን አትበለው። ልጁ ራሱ ሊናገር ከፈለገ ግን አትከልክለው፤ ጓደኞቹም ዝም ብለው እንዲሰሙት አድርግ። ምሳሌ ከፈለግህ ከሩቅ አምጣ፤ የወሎን ሠፈራ ውሰድ፣ ወይም የሪዮ ግራንዴን ሁለት ከተሞች ኤል ፓሶንና ሲውዳድ ኋሬዝን አንሣ፤ አንድ ቤተ ዘመድ በሁለት መንግሥት ሥር እንዴት እንደሚኖር ያሳዩሃል። ከሩቁ የተማረ ልጅ ቅርቡን ራሱ ያገናኘዋል። ቁስል ሳይነኩ ማስተማር ይቻላል፤ ትንሽ ድካም ግን ይጠይቃል።

10. መንገዱንና ገበያውን ጠይቅ። ቡሬ ለምን እዚህ ተቆረቆረች ብለህ ጀምር። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ፣ ወደ ነቀምት ከሚወርደው ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ወደ ደጋው ሲወጡ፣ ጣሊያን ምሽግ ይዞ የጠበቀውም ቡሬን ነበር፤ በየካቲት ለቀቀው። ጦሩም ነጋዴውም የሚፈልጉት መገናኛውን ነውና። ዛሬም የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩና በ2013 የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ እዚያው የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሬ ዕቃው፣ መንገዱ፣ ሠራተኛው፣ ውሃው እያልህ አስዘርዝራቸው፤ የጎደለውንም ይጨምሩ። ከዚያ ቅዳሜ ገበያ ሂዱና በርበሬው ወዴት እንደሚጫን፣ ቡናው ከየት እንደመጣ፣ መንገዱ ሲዘጋ ዋጋው ምን እንደሚሆን ከነጋዴው ጠይቁ። መንገድ ሲታመም መጀመሪያ የሚያስለው ገበያ ነው።

11. በወሰን ክርክር ዳኛ አትሁን። ይህ መሬት የማነው የሚል ጥያቄ ክፍል ውስጥ መነሣቱ አይቀርም። ተቆጥተህ ዝም አታሰኝ፤ ፈርደህም አትዘጋው። ሰሌዳውን በሦስት ክፈለው፦ በካርታና በሕግ የተጻፈው፣ ሰዎች የሚሉት፣ ገና ያልታወቀው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሠፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ ይናገራል። አንቀጽ 48 ደግሞ የወሰን ጥያቄ ሲነሣ ክልሎቹ ተስማምተው እንዲፈቱት፣ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወስን ያዛል። ሕጉ ይህን እንደሚል ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም ብሎ መከራከር ሌላ። ተማሪው ሁለቱን መለየት ከቻለ መመዘኛውን አልፏል። በዚህ አገር ብዙ ነገር የተበላሸው ሰው የሰማውን ካየው ጋር በአንድ አቁማዳ ስለሚከት ነው። ስለዚህ ለማንም ወገን የሚያጨበጭብ ክፍል አይኑርህ፤ የሚጠይቅ ክፍል ይኑርህ።

12. ለመስክ ትምህርት ስትወጣ አስፈቅድ፣ አስብም። ጂኦግራፊ በእግር የሚማሩት ትምህርት ነው፤ ዘመኑን ሳያዩ የሚወጡበት ግን አይደለም። በክልሉ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የነበረውን ግጭት ታውቀዋለህ፤ ስንት ትምህርት ቤት በር ዘግቶ እንደከረመም ታውቃለህ። ርዕሰ መምህሩን፣ ወላጁን፣ የቀበሌውን ሰው ሳታስፈቅድ ልጆች ይዘህ አትውጣ። ድልድይ፣ ኬላ፣ ካምፕ በስልክ እንዳያነሡ፣ በካርታም እንዳይስሉ አጥብቀህ ንገራቸው፤ የዋህ ሥዕል በክፉ ቀን ክፉ ትርጉም ይሰጠዋል። ሩቅ መሄድ ካልተቻለ ቅርቡ ይበቃል። ቡሬ ላይ ፈታም አለልህ፤ ነገ ፍኖተ ሰላም ብትዛወር የላህ ወንዝ አለልህ፤ ቦይ የበላው ጠርዝ፣ ባሕር ዛፍ የዋጠው ማሳ፣ በክረምት የደፈረሰ ውሃ የሌለበት ሠፈር የለም። የደፈረሰውን ውሃ በጠርሙስ ቀድተህ እስኪጠል አስጠብቃቸው፤ ታች የሚዘቅጠው የጎጃም አፈር ነው።

13. ፈተናውን ሰበብ አታድርግ። ፈተና አለብን፣ ለአካባቢ ምሳሌ ጊዜ የለንም ሲሉ ትሰማለህ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቃል መውጣት ቢያዋጣ ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ አይሆንም ነበር። ይልቅ አንድ ነገር ልብ በል። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ 9ኛ ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ የሚያውቀው ተዳፋት በማያውቀው ስም ይመጣበታል። ስለዚህ ነገሩን መጀመሪያ በሚያውቀው ቋንቋ፣ በሚያውቀው ሸለቆ ላይ አሳየው፤ የፈተናውን ቃል ከዚያ በኋላ ስጠው፣ በዚያው ቃልም ጽፎ እንዲያስረዳህ አድርግ። የገባውን ነገር ስም መያዝ ቀላል ነው፤ ያልገባውን ስም መሸከም ግን ይከብዳል፣ ከፈተናው በር ላይም ይወድቃል።

14. የለካኸውን ጽፈህ አስቀምጥ። ይህን ምክር ቀላል ነው ብለህ እንዳትዘልለው፤ አብዛኛው መምህር የሚሰንፈው እዚህ ነው። የጥላው ርዝመት፣ የዝናቡ ልክ፣ የገበያው ዋጋ፣ የላስቲኩ ካርታ ከነቀኑና ከነለኪው ስም በአንድ መዝገብ ይግባ። መምህር ይዛወራል፣ ተማሪ ያልፋል፤ መዝገብ የሌለው ትምህርት ቤት ግን በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል። አሥር ዓመት የተለካ ዝናብ ያለው ትምህርት ቤት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለመናገር የማንንም መጽሐፍ አይለምንም። ርዕሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ባይሰጥህ ካርቶን ፈልግ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አንተ ግን ዛሬ አጥብቀህ ታጠቅ።

እንግዲህ ልጄ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ሴሚስተር ልታደርገው አትሞክር፤ ትደክምና ሁሉንም ትተዋለህ። በመጀመሪያው ሳምንት ዱላውን ትከል፣ በወሩ መጨረሻ ላስቲኩን ደርብ፣ ሌላው እየተከተለ ይመጣል። ዕቅድህን ግን ዘንድሮ ካምናው አትቅዳ፤ ይህን ቃል እንድትሰጠኝ እፈልጋለሁ። ከተማሪዎችህ አንዱ ነገ የወረዳ አስተዳዳሪ፣ ሌላዋ ቀያሽ፣ ሌላው ነጋዴ ሆኖ ወሰን ላይ መቆሙ አይቀርም። ያን ጊዜ ከመናገሩ በፊት ካርታው የስንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ስኬሉ ስንት ነው፣ የሚያወራውስ ስለየትኛው መስመር ነው ብሎ ከጠየቀ፣ የማስተማር ድካምህ ፍሬ አፈራ ማለት ነው። በርታ፤ ጤናና ሰላም ይስጥህ፣ ጠመኔህን ይባርክልህ።